አራተኛው ክዳን

«ፈጥና ነበር?»

የሟቿ እናት ይህን ሲጠይቁ ነርሷ የሻይ ብርጭቆ የሞላበት ትሪ ይዛ መሃል ቤት ቆማ ነበር። ጥያቄው ለእሷ አልነበረም፤ መስኮቱ ሥር ለተቀመጠው፣ «እግዜር ያጽናዎት» ብሎ ወንበሩን እንኳ ገና ላላሞቀው ጎረቤት ነበር። እሱ ምስኪን የት አይቶ ይመልስ? ትከሻውን ሰበቀና ቶሎ ብሎ አንድ ብርጭቆ አነሳ።

ሦስት ቀን ሙሉ የገባውን ሁሉ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ሌላ እናት «ተሰቃየች ወይ? ምን አለች?» ትላለች። እሳቸው ግን ፍጥነቷን ነው የሚጠይቁት። ሰው ግራ ገብቶት እርስ በርሱ ይተያያል፤ ሐዘኑ ጭንቅላታቸውን ነክቶታል የሚልም አልጠፋም። ለቅሶ ቤት ደግሞ ወሬ መቼ ይቸግራል! «ድሮስ ሴት ልጅ ገደል ለገደል መኪና ስትነዳ ምን ልትሆን ኖሯል?» ይላል አንዱ በሹክሹክታ። «ኧረ ዝም በል፣ ይሰሙሃል» ትላለች ሚስቱ፤ ዝም ካሰኘችው በኋላ ወሬውን ራሷ ትቀጥለዋለች።

የጥያቄው ምስጢር የገባቸው ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱም አንዷ ነርሷ ነች። ሟቿ የመኪና መንዳት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች። ቀኑን ሙሉ «ማርሽ! ማርሽ ቀይሪ!» ስትል ስለምትውል ተማሪዎቿ ስሟን ትተው ማርሽ አሏት፣ በዚያው ቀረ። በየሳምንቱ መጨረሻ ስድስት ሴቶች አስከትላ መንገድ ወደሌለበት ትወጣለች፤ አሸዋ፣ ኮረት፣ የደረቀ ወንዝ። ስትወጣ እናቷ በሩ ላይ ይይዟታል። «አሸዋው ላይ እንደ ፍጥርጥርሽ ሁኚ፤ አስፋልት ላይ ግን ቃል ግቢልኝ» ይላሉ። ማርሽም እጇን አንስታ «ከስልሳ ካለፍኩ ልጅሽ አይደለሁም» ትላለች። እየሳቀች ትበለው እንጂ መሐላ መሐላ ነው።

«እማዬ፣ ፖሊሱ ጽፎ ሰጥቶን የለም እንዴ?» አለ ታላቅ ወንድሟ። ርዕሰ መምህር ነው፤ ለቅሶ ቤትም ተማሪ ያሰለፈ ይመስል ነው የሚናገረው። «‹ከልክ ያለፈ ፍጥነት› ይላል። አበቃ! መቼ ሰው ትሰማ ነበር እሷ? ነገ ጠዋት ብረት ገዢው መጥቶ ያንን የመኪና ጉድ ከጓሮ ያነሳልናል። ከዓይንሽ ይራቅ።»



«እንግዲያ ዋሸችኝ» አሉ እናትየው ወለሉን እያዩ።

 ነርሷ የቀሩትን ብርጭቆዎች ሳታድል ትሪውን ይዛ ወደ ኩሽና አመለጠች።

ኩሽናው ውስጥ ዳቦ ጋጋሪዋ እጅጌዋን ሰብስባ ብርጭቆ ታጥባለች። ከስድስቱ ሴቶች አንዷ ነች፤ ጉልበተኛና ተረበኛ፣ ካለፈው እሑድ ወዲህ ግን ተረብ የጠፋባት። ነርሷ በሩን በጀርባዋ ገፍታ ዘጋችና ትሪውን አስቀምጣ እጇን ጃኬት ኪሷ ከትታ አወጣች። መዳፏ ላይ አንዲት ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን አለች፤ የጎማ ንፋስ መሙያ ጫፍ ላይ የምትጠመዘዘዋ፣ ከሽምብራ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ።

«አሁንም ይዘሻት ትዞሪያለሽ?» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። «ወርውሪያት አላልኩሽም?»

«ነገ መኪናውን ሊወስዱት ነው።»

«ሰምቻለሁ። ይውሰዱት! ሄዶ ይቅለጥ።»

«ልነግራቸው ነው።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ብርጭቆውን አስቀምጣ እጇን ሳታደርቅ ክንዷን ያዘቻት። «አንቺ ልጅ፣ አእምሮሽን ስተሻል? ማን ጠየቀሽ? ሆድ ይፍጀው! ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ አትመልሽውም። ያ ወንድሟ አንቺን ብቻ ወቅሶ የሚተው መሰለሽ? ነገ ስድስታችንም መሪ ስንይዝ ‹እነዚያ ጎማ መንፋት የማይችሉት› ነው የምንባለው። የሞተ ተጎዳ፤ አንቺ ቤትሽ ሁለት ልጆች አሉሽ።»

«እናቷ ዋሸችኝ እያሉ እኮ ነው።»

«ያልፍላቸዋል።»

«አያልፍላቸውም» አለች ነርሷ፣ «ለእኔም አያልፍልኝም።» ክዳኗን መልሳ ኪሷ ከተተችና ሌላ ትሪ አነሳች።

ነርሷ ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ማርሽ ስትመጣ ሁለቴ ፈተና የወደቀች፣ መኪና ወደኋላ ሲሄድ ዓይኗን የምትጨፍን ሴት ነበረች። ማርሽ አንድ ቀን አየቻት አየቻትና፣ «አንቺ አጥር ነው የምትፈሪው። አጥር የሌለበት ልውሰድሽ» ብላ አሸዋ ላይ ወሰደቻት። እዚያ ምን ይገጫል? ስትጮህ፣ ስትስቅ፣ ሞተር ስታጠፋ ውላ ማታ መንዳት ችላ ተመለሰች።

የመጀመሪያው ትምህርት ግን መሪ መያዝ አልነበረም፤ ጎማ ማስተንፈስ ነበር። አሸዋ ከመግባታቸው በፊት ንፋሱን ይቀንሱታል፤ የላላ ጎማ መሬቱ ላይ ተዘርግቶ ይሄዳል፣ አሸዋው አይውጠውም። ሲመለሱ ደግሞ አስፋልት ከመርገጣቸው በፊት አራቱንም መልሰው መንፋት አለባቸው። የላላ ጎማ ጠንካራ መንገድ ላይ መታጠፊያ ሲገጥመው ከብረት ቸርኬው ይወልቃልና። ይሄን ሥራ ማርሽ ለነርሷ ሰጠቻት። «የሰው ግፊት ስትለኪ የምትውይ ሴት የጎማ ምን ያቅትሻል?» አለቻት።

ሕጉም ቀላል ነበር። የምትነፋዋ አራቱን ክዳኖች ኪሷ ትይዛለች። ሹፌሯ በራሷ መለኪያ እንደገና ለክታ፣ ልኩን ስታገኘው ክዳኑን ተቀብላ በእጇ ትዘጋዋለች። ሁለት ሰው ያላየው ጎማ አስፋልት አይረግጥም። ነርሷ ሁለት ዓመት ሙሉ ነፋች፤ ማርሽ ሁለት ዓመት ሙሉ ከኋላዋ እየተከተለች ለካች። አንዳንዴ ቅር ይላት ነበር። «መቼ ነው የምታምኚኝ?» ስትላት፣ ማርሽ «ጸጉርሽ ሲሸብት» ትልና ትስቃለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላም አስፋልቱ ዳር ቆመው እንዲሁ ሲነፉ ነበር። ነርሷ ሦስቱን የማርሽ መኪና ጎማዎች ከሞላች በኋላ ጎማ የሚነፉባት ትንሿ ሞተር ጋለች። ሁልጊዜም ሦስት ላይ ትግላለች፤ አጥፍተው ትንሽ ያሳርፏታል። በዚያች እረፍት ማርሽ መለኪያዋን ይዛ መጣች። አንዱን ለካች። ሁለተኛውን ለካች። ሦስተኛውን ለካችና ቀና አለች።

«ሦስቱም እኩል! አንድ መስመር እንኳ አይበላለጥም!» አለች። ሦስቱን ክዳን ዘጋች። ከዚያ መለኪያዋን ከነገመዱ ከአንገቷ አውልቃ ነርሷ አንገት ላይ አጠለቀችው። «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ካንቺ በኋላ አልለካም። አራተኛውን ራስሽ ዝጊው።»

ዳቦ ጋጋሪዋ እልልታዋን ለቀቀችው። ሴቶቹ ከየመኪናቸው እየወረዱ አቀፏት፣ አንዷ ጸጉሯን አመሰቃቀለችው፣ ሌላዋ «ዛሬ ገና ሰው ሆንሽ!» አለቻት። ነርሷ ለቅሶም ሳቅም ያዛት። ከባሏ ስትለያይ ሰው ሁሉ «አትችይም» ያላት ሴት ነች፤ «እንቺ፣ ያንቺ ነው» ያላት ሰው ማርሽ የመጀመሪያዋ ነበረች። በዚያ ሁካታ መሃል የንፋስ ቱቦውን ጠቀለለች። ሞተሯን ሳጥኗ ውስጥ ከተተች። ተሳፈሩ።

አራተኛውን ጎማ አልነፋችውም።

እሷ ዳቦ ጋጋሪዋ ጎን ተቀምጣ ከኋላ ትከተል ነበር። ማርሽ ብቻዋን ከፊት ትነዳለች። ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መንገድ ላይ ሲደርሱ የማርሽ መኪና የኋላ ግራ ጎኗ ዝቅ አለ፣ ቂጧ ተወረወረ፣ ሁለቴ ተገለባብጣ ቆመች። ነርሷ የተሳፈረችበት መኪና ሳይቆም ነው የወረደችው። የማርሽን ደረት ተጫነች፣ ትንፋሽ ሰጠች፣ እንደገና ተጫነች። ክንዷ እስኪዝል፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ጎትታ እስክታስነሳት ድረስ ትንፋሽ ሰጠች። በማግስቱ ቀብሩ ላይ መሐረብ ፍለጋ እጇን ኪሷ ስትከት ነው ክዳኗን ያገኘቻት። ያኔ ሁሉም ነገር ገባት።

በለቅሶው አራተኛ ቀን ነርሷ ስትመጣ የብረት ገዢው መኪና ገና በማለዳ ጓሮ ገብቶ አገኘችው። ሁለት ሰዎች ሰንሰለት ይዘው እየወረዱ ነው። የማርሽ መኪና ጣሪያው ተጨፍልቆ አጥሩ ሥር ቆሟል፤ የኋላ ግራ ጎማው ከቸርኬው ግማሹን ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ይህን አይቶ ማንም ምንም አይጠረጥርም፤ የተገለበጠ መኪና ጎማ እንዴት ሊሆን ኖሯል? እሷ ዝም ካለች ነገሩ ከብረቱ ጋር ይቀልጣል። ሁለት ደቂቃ ነው የቀረው።

«ቆዩ!» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «እንዳትነኩት!»

ወንድምየው ዞር አለ። «ምን ሆነሻል ደግሞ አንቺ?»

እናትየው በጓሮው በር አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ነርሷ ወንድምየውን አልፋ ፊታቸው ሄዳ ቆመች።

«እማማ፣ ፈጥና አልነበረም።»

እናትየው ቀና አሉ።

«ከኋላዋ ነበርን። እኩል ነበር የምንሄደው፣ ዓይኔ የፍጥነት መቁጠሪያው ላይ ነበር። ሃምሳ አምስት ይላል። ስልሳን አልነካችም።»

«በሃምሳ አምስት መኪና ዝም ብሎ ይገለበጣል?» አለ ወንድምየው ወደነሱ እየመጣ። «ማንን ልታታልይ ነው? ፖሊስ ካየው በላይ አየሽ?»

አራት ቀን የሸሸችው ጥያቄ ይኸው መጣ።

«ዝም ብሎ አልተገለበጠም፣ ጋሼ። ያ ጎማ ንፋስ አልነበረውም። እንድሞላው አደራ የተሰጠኝ እኔ ነኝ። ሦስቱን ሞላሁ። አራተኛውን ረሳሁት።» መዳፏን ዘረጋች። «ክዳኑ እኔ ጋ ነው ያለው።»

ሰንሰለት የያዘው ሰውዬ ሰንሰለቱን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ።

«ረሳሁት?» አለ ወንድምየው፤ ርዕሰ መምህርነቱ ጠፍቶ ድምፁ ተሰነጠቀ። «ረሳሁት ነው የምትይው? አራት ቀን ሙሉ በምን ዓይንሽ ሻይ ቀዳሽልን? እህቴን እኮ ነው! እኔስ... እኔስ ስሟን በየእንግዳው ፊት...» መጨረስ አቃተው። «ይሄን ፖሊስ ፊት ትደግሚዋለሽ!»

«እደግመዋለሁ። ከዚህ ወጥቼ ወደዚያው ነው የምሄደው።»

ዳቦ ጋጋሪዋ እጇን በልብሷ እየጠረገች ከኩሽና ወጣች። መጥታም ነርሷ ጎን ቆመች። «ሃምሳ አምስት ነበር» አለች። «መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። እኔም እመሰክራለሁ።»

እናትየው ከሁለቱ አንዷን፣ ከዚያ ሌላዋን አዩ።

«ሃምሳ አምስት» አሉ።

«አዎ፣ እማማ።»

«እንግዲያ ልጄ ናት።»

አራት ቀን ያልወረደው እንባ ያኔ ወረደ። ነርሷ ልትንበረከክ ስትል እጃቸውን አነሱ።

«ይቅርታ እንዳትጠይቂኝ። ዛሬ አቅሙ የለኝም።» ተነሱና ወደ መኪናው ሄዱ። «የትኛው ነው?»

አሳየቻቸው። እናትየው የተጨፈለቀውን ጎን ተደግፈው፣ ቀስ ብለው፣ ጎማው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ነርሷም አብራቸው ዝቅ አለች።

«ክዳኑን ማን ነው የሚዘጋው?»

«እሷ ነበረች። ሁልጊዜ ራሷ ለክታ ነው የምትዘጋው። ያን ቀን ግን... ‹አራተኛውን ራስሽ ዝጊው› አለችኝ።»

«ሳይለካ አይዘጋም አይደል?»

«አይዘጋም።»

«ለኪው እንግዲያ።»

ነርሷ መለኪያዋን ከልብሷ ሥር ስባ አወጣች። የማርሽ አንገት ያለሰለሰው ገመድ ነው። ጫፏን ንፋስ መሙያው ላይ አድርጋ ተጫነች። መርፌዋ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ነርሷ ግን ቶሎ አላነሳችም፤ የታማሚ እጅ ይዛ ትርታ እንደምትፈልግ ትንሽ ቆየች።

«ስንት ይላል?»

«ባዶ ነው፣ እማማ።»

«ዝጊው» አሉ።

ክዳኗ ሁለቴ ከጣቷ አመለጠች። ሁለተኛው ላይ እናትየው ከአቧራው ውስጥ ፈልገው አንስተው መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። በሦስተኛው ያዘች። ነርሷ አልዞር እስክትል ድረስ አጠበቀቻት።

እናትየው ሊነሱ ፈለጉ፣ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ልጃቸው አጥሩን ተደግፎ ፊቱን ሸፍኗል። እጃቸውን ነርሷ ትከሻ ላይ አኖሩና ሙሉ ክብደታቸውን ጣሉባት። ነርሷ እሳቸው ቀና ብለው እስኪቆሙ ድረስ ትከሻዋን አላነቃነቀችም።