ነጮቹ ክንዶች

ሃሪም የሸርጣን መቁጠሪያ የብረት ማዕቀፏን ባሕሩ በሸሸበት ጭቃ ላይ ስትጥል አሮጊቷ ማልሱን ጎንበስ ብላ በውስጡ ያሉትን ሸርጣኖች ቆጠረች። ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ልጅ፣ ሃሪም፣ መንገድ የሚያሳያት ሰው ፈልጋ ነበር። ማልሱን እሺ ያለችው እምቢ ማለት ስለደከማት ብቻ ነው።

ባሏ ቻንግሆ ከሞተ ዘጠኝ ወሩ። አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣትም። ጎረቤት ልቧ ደንድኗል ይላታል፤ ይበላት። በሞተበት የጭጋግ ቀን ሁሉም ወደ ዳር ሲመለስ እሱ ብቻ ከደቡቡ ጫፍ ሲዘፍን ተሰማ። ባሕር እየመጣበት ተቀምጦ የሚዘፍን ሰካራም ካልሆነ ማን ነው? ለዚህ ምን እንባ ያስፈልገዋል።

በጭጋግ ቀን የሱክፖ መንደር ሰው መንገዱን የሚያውቀው በሸርጣን ነው። አንድ ክንዳቸው ትልቅና ነጭ የሆኑት ከዳር አይርቁም፤ ዓይነ ረጃጅሞቹ ከባሕሩ አፍ አጠገብ ይኖራሉ። ቻንግሆ የተራራ ልጅ ነበር። ሲያገባት ሸርጣን ከጊንጥ አይለይም ነበርና ያስተማረችው እሷ ናት። «ነጩን ክንድ ካየህ ቤትህ ደርሰሃል። ቁጭ በልና ጭጋጉ እስኪገፈፍ ጠብቅ» ትለው ነበር።

ሁለቱ ሴቶች ቀጥለው ወደ ደቡቡ ጫፍ፣ ወደ ባሕሩ አፍ ወረዱ። የሚለቀም ዛጎል ስለሌለ ማንም አይረግጠውም። ሃሪም ማዕቀፏን ጣለች።

ጭቃው ላይ ነጫጭ ክንዶች ብድግ ዝቅ ይሉ ነበር።

«እነዚህ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አለች ማልሱን።

«አዲሱ ግድብ ነዋ፣ እትዬ። ሞገዱን አዞረው፤ አሸዋው ወደዚህ መጣ፤ እነሱም ተከትለውት መጡ። ከካቻምና ጀምሮ ነው። አላወቁም ነበር እንዴ?»

ማልሱን ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ደረቷ ውስጥ ምንም አልተንቀሳቀሰም።

«ስንት ብዬ ልጻፍ?» አለች ሃሪም የመቁጠሪያ ቅጿን ዘርግታ።

«ሰክሮ አልነበረም ብለሽ ጻፊ።»

ልጅቷ ቅጹን አየች፣ ከዚያ አሮጊቷን። «ማን፣ እትዬ?»

ከዳር የመመለሻው ደወል ተደወለ። ውሃው ቀስ ብሎ የማዕቀፉን ጠርዝ አረጠበ፤ ነጮቹ ክንዶች አንድ በአንድ ወደ ጉድጓዳቸው ገቡ።

«ቤቴ ደረስኩ ብሎ ነው የዘፈነው» አለች ማልሱን። «ቁጭ በል ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሃሪም እጇን ዘረጋችላት። ማልሱን ግን ገና አልተነሳችም።