ክንፍ ያጡት ዝንቦች

ላቦራቶሪ ውስጥ የፍራፍሬ ዝንቦችን በመድኃኒት አስተኝተን፣ ክንፋሙንና ክንፍ አልባውን ለይተን እየቆጠርን ነበር። መቶ አሥራ ሁለት ላይ ስደርስ፣ የአክስቴ ልጅ ማይክሮስኮፑ ላይ እንደተደፋች፣ "ይቺኛዋ ቁርጥ የተቆጣች እናትሽን!" አለችኝ። ምን ላድርግ? በሳቅ ፈረስኩ፤ እሷም ተከተለችኝ። ሆዳችንን ይዘን ቀና እስክንል ዝንቦቹ ነቅተው ክንፋሞቹ በሙሉ በመስኮት ውልቅ!

መምህራችን ደረሱ። ሳህኑ ላይ ሃያ ሰባት ክንፍ አልባዎች ብቻ ይርመሰመሳሉ።

"ክንፋሞቹስ?"

"በረሩ፣ መምህር።"

"የዘር ውርስ ላስተምራችሁ ብል ዝግመተ ለውጥ ሠርታችሁ ጠበቃችሁኝ! በሉ፣ ከእንግዲህ ዘር የሚተኩት እነዚህ ናቸው" ብለው አዲስ ጠርሙስ ውስጥ ከተቷቸው።

በወሩ ጠርሙሱ ሞላ፤ አንድም የሚበር የለም። መምህራችን የለጠፉበት ወረቀት "ክንፍ የጠፋበት ምክንያት፦ የሁለት ተማሪዎች ሳቅ" ይላል።