ያላጠበቀችው ብሎን

መዝገቡ ደስታን ከቤቱ የወሰዱት ሞተር ብስክሌቱን ፈታትቶ ወለል ላይ በዘረጋ ማግስት ነው። ኅዳር 1970 ዓ.ም. ነበር። ጠዋት ከቤቱ የወጣ ሰው ማታ መመለሱን እርግጠኛ የማይሆንበት ጊዜ ነው። አራት አብዮት ጥበቃዎች መካኒሳ አቦ ጀርባ ወዳለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሲገቡ፣ ፒስተኑ፣ ቫልቮላዎቹና ጥርሳ ጥርሱ ብረት ሁሉ በጆንያ ላይ ተደርድሮ አገኙት። አንደኛው ፈንጂ መስሎት ወደ በሩ ሸሸ።

መዝገቡ የአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አመላላሽ ነበር። ሞተር ብስክሌቱን፣ ቀዩን አሮጌ የጣሊያን ጉዚ፣ የገዛው እዚያው መካኒሳ ጋራዥ ከነበረው ጣሊያናዊ ላይ ነው። ከሚስቱ ከጤናዬ ጋር ካላቸው ትዳር በዕድሜ ይበልጣል። ክሱ በሞተሩ ቦርሳ የተከለከለ ፓርቲ ወረቀት አመላልሰሃል የሚል ነው። እውነት ይሁን ውሸት ጤናዬ አታውቅም። ጠይቃውም አታውቅም።

ያሰሩት በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነው። ቤቱ የተወረሰ ቪላ ሲሆን እስረኞቹን ያጎሩት የመኪና ማቆሚያው ውስጥ ነበር። ጤናዬ ሳሪስ ካለ መጋዘን ቡና ስትለቅም ትውልና ወደ ማታ ምግቡንና የታጠበ ልብሱን ይዛ በር ላይ ትቆማለች። ዘበኛው ጋሽ በንቲ ተቀብሎ ያስገባላታል፤ ባዶውን ሳህንና የቆሸሸውን ልብስ ያወጣላታል። በዚያ በር ላይ ሴቶች የሚፈሩት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ከእንግዲህ አታምጪ» መባልን። ያ የተባለች ሴት ሌላ ነገር አትጠይቅም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

በሦስተኛው ሳምንት የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ ዳኜ ብቻውን ቤቷ መጣ። ቁጢጥ ብሎ ፒስተኑን አነሳና አገላብጦ አየው።

«ይሄ ቢገጣጠም ይነሳል?» አላት።

«የሚያውቀው እሱ ነበር፣ ጓድ።»

«አሥራ ሁለት ዓመት መፍቻ ስታቀብዪው ኖረሽ የለ? ሰፈሩ ሁሉ ያወራል።» ፒስተኑን ቦታው መለሰው። «ጋራዥ ከወሰድኩት ወሬ ይሆንና የበላይ አካል ይወስደዋል። እዚሁ ይሠራ። አንቺ ሞተሩን አስነሺልኝ፣ እኔ ባልሽን አስወጣልሻለሁ።»

የዳኜን ቃል ማመን ምን እንደሆነ ጤናዬ አጥታው አይደለም። ግን ሌላ የምትይዘው ነገር አልነበራትም። የዚያኑ ዕለት ጆንያው አጠገብ ተቀመጠች። የመፍቻዎቹን ስም ታውቃለች። የትኛው ብረት ከየትኛው በፊት እንደሚገባ ግን አታውቅም። እጇ የቡና ለቃሚ እጅ ነው፤ ከሺህ ፍሬ መካከል የተነቀዘችውን ሳያይ ያገኛል። በጣቷ እየዳሰሰች የተፋተገውን ካልተፋተገው፣ የግራውን ከቀኙ ለየች። ፋሻ የሚባሉት፣ ፒስተኑን የሚከቡ ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ላይ ስትደርስ ግን ከዚያ በላይ መሄድ አቃታት።

በነጋታው ለመዝገቡ በታጠበው ሸሚዝ ኮሌታ ውስጥ ቁራጭ ወረቀት ሰፍታ ላከች፤ «ዳኜ ሞተሩ ከተነሳ ትፈታለህ ብሎኛል። ፋሻዎቹ እንዴት ነው የሚገቡት?»

ጋሽ በንቲ ልብሱን ሲፈትሽ ጣቱ ኮሌታው ላይ ደርሶ ቆመ። ቀና ብሎ አያት። ጤናዬ በግንቡ ተደገፈች። ሽማግሌው ሸሚዙን አጥፎ ብብቱ ሥር አደረገና «እጥበቱ ጥሩ ነው ልጄ» ብሎ ገባ።

መልሱ የመጣው በአራተኛው ቀን ነው። ያን ያህል ይፈጥናል ብላ ስላልጠበቀች ሸሚዙን ውኃ ውስጥ ነክራው ነበር። ኮሌታው ውስጥ የነበረው የሲጋራ ወረቀት ርሶ ግማሹ ጠፋ። ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የተረፈውን አነበበች፤ «የፋሻዎቹ አፍ በአንድ መስመር አይግጠም፤ እንደ ሰዓት እጅ አራርቂው። ዘይት ቀቢ። አትታገዪው፤ ይሰበራል።»

ታገለችውና ሰበረችው። ሁለተኛዋን ፋሻ ፒስተኑ ላይ ስትከፍታት ቀጭ ብላ ለሁለት ሄደች። ጤናዬ ሁለቱን ቁራጮች በሁለት እጇ እንደያዘች ጆንያው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ብረት የሰበረች አልመሰላትም።

የፋሻዋን ስባሪ በመሐረብ ቋጥራ ሳሪስ ጋራዥ ያለው ሱልጣን ዘንድ ወሰደችው። ሱልጣን መዝገቡን ያውቀዋል። አሮጌ ዕቃ ከሚጥልበት በርሜል ውስጥ ሲበረብር ቆይቶ ቀረብ የምትል ፋሻ አገኘና በሞረድ እየላገ ልኳን አመጣት።

«የሚገጥመው ማን ነው?» አላት።

«እኔ።»

ሱልጣን ፋሻዋን በጣቶቹ መካከል ያዛት። «በሁለቱ አውራ ጣቶችሽ ነው የምትከፍቻት፤ ከሚበቃት በላይ አንዲት ፀጉር አትጨምሪ» አለና አስተካክሎ አሳያት።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሄደላት። ጥያቄ በኮሌታ ይገባል፣ መልስ በኮሌታ ይወጣል። ሲሊንደሩ ገባ፤ የሲሊንደሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ታሰረ፤ ቫልቮላዎቹ ቦታቸውን ያዙ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀኑን ሙሉ ትሠራለች። በሥራ ቀን ብርሃን እስኪከዳት ድረስ ትሠራለች። ቡናው መጋዘን የጥፍሯን ጥቁረት ያዩ ሴቶች ምን ነካሽ ሲሏት ከሰል ትላለች። አንድ ነገር ብቻ ነው የምታስበው፤ ቶሎ።

ጥር ሊያልቅ ሲል ለሞተሩ እሳት የሚሰጠው ፑንቲና ላይ ደርሳ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ፑንቲናው ብቻ ቀረ። ዓርብ ይነሳል። በርታ።»

መልሱን ከኮሌታው ስታወጣ ከወትሮው የረዘመ ነበር።

«አትጨርሺው። ከኛ ክፍል ትፈታላችሁ ተብለው የወጡ ሁለት ሰዎች የት እንደደረሱ ሰምተናል። ዳኜ እስከ ዛሬ ያቆየኝ ሞተሩ ስላልተነሳ ነው። የተነሳ ዕለት የሚፈልገኝ የለም።»

ጤናዬ ወረቀቱን አኝካ ዋጠችው። ከዚያ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ፊት ውኃው እስኪቀዘቅዝ ተቀመጠች። ሁለት ወር ሙሉ ስትሮጥ የከረመችው ወደ የት ነበር? በገዛ እጇ፣ ብሎን በብሎን፣ የባሏን ሞት ስታፋጥን ነበር። በራሷ ተናደደች። ቀድሞ ባለመንገሩ በሱም ተናደደች። ወዲያው ደግሞ ተስፋዋን ላለመቁረጥ ዝም እንዳለ ገባትና ቁጣው ወደ ምን እንደሚዞር አጣ።

ዳኜ ሲመጣ አንድ ዕቃ ጠፍቷል አለችው። በሳምንቱ ዘይቱ አይሆንም አለችው። በሦስተኛው ትዕግሥቱ አለቀ።

«ወይዘሮ ጤናዬ፣ እስከ ማክሰኞ» አለ ድምፁን ሳያነሳ። «ከማክሰኞ በኋላ ሞተሩንም ባልሽንም እረሳቸዋለሁ።»

ሦስት ቀን እህል በአፏ አልዞረም። ቡናውን ትለቅማለች፣ ምን እንደለቀመች አታውቅም። ቢነሳ ይሞታል፤ ባይነሳ ይሞታል። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ዳኜ በሩ ላይ ሲቆም አፏ ያወጣው ነገር ለራሷም አዲስ ነበር።

«አልቋል፣ ጓድ። የቀረው እሳቱ የሚመታበትን ጊዜ ማስተካከል ነው። እሱ በጆሮ እንጂ በዓይን አይሠራም። የሱን ጆሮ ለአንድ ሰዓት ያምጡልኝ።»

ዳኜ አሰበበት። ሞተሩን አየ። የተወለወለው ቀይ ታንክ ላይ እጁን አሳለፈ።

በነጋታው ረፋድ ላይ ዳኜና ጋሽ በንቲ መዝገቡን ደግፈው አመጡት። ጤናዬ በሩ ላይ ስታየው መጀመሪያ ሌላ ሰው ያመጡባት መሰላት። እግሮቹ በጨርቅ ተጠቅልለዋል። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀርተዋል። በርጩማ ሰጠችው፤ ተቀመጠ። ካቻቪቴውን ስታቀብለው ከእጁ ወደቀ። አንስታ ስትሰጠው ደግሞ ወደቀ።

«እጅሽን ስጪኝ» አላት።

እጁን በእጇ ላይ አደረገ። ዳኜ የበሩን መቃን ተደግፎ ሲጋራ ይዟል፤ ዓይኑን አይነቅልም። መዝገቡ የሞተሩን ከባድ መዘውር፣ ቮላኖውን፣ ቀስ ብላ እንድታዞር፣ የፑንቲናው አፍ የሚከፈትባትን ቅጽበት እንድታይ ነገራት። ድምፁ ግን ያው የድሮው ነበር፤ ያ ነው ሊያስለቅሳት የደረሰው።

«እዚህ ላይ ነው። አሁን ሮንዴላዋን አግቢና ብሎኗን አጥብቂ» አለ ጮክ ብሎ። በዚያው አፍታ አውራ ጣቱ የእጇን መዳፍ ሁለት ጊዜ ተጫነ፤ ቁልቁል ስታየው ፊቱም ግራና ቀኝ ትንሽ፣ እጅግ ትንሽ ተነቀነቀ። አይሆንም ማለቱ ነው።

ሮንዴላ ብሎን በንዝረት እንዳይፈታ የምትይዝ ትንሽ የብረት ቀለበት ናት። ያለ እሷ ብሎኗ ለጥቂት ቀን ትቆያለች እንጂ መላላቷ አይቀርም። ጤናዬ ገባት። ጎንበስ ብላ ላቧን በክንዷ የጠረገች መሰለችና ሮንዴላዋን ከምላሷ ሥር ከተተች። ብሎኗን ስታዞር ቆይታ ግማሽ ዙር ሲቀራት ተወቻት።

«አለቀ?» አለ ዳኜ።

አፏን መክፈት አትችልም። የዘይትና የዝገት ጣዕም ምራቋን ሞልቶታል። ራሷን ነቀነቀች።

«ድምፅ የለሽም?»

«ደክሟታል፣ ጓድ» አለ መዝገቡ። «ይርገጡት።»

በሦስተኛው ርግጫ ሞተሩ ተነሳ። ቆርቆሮው ጣራ ተንቀጠቀጠ፤ ጎረቤት በሩን ሲዘጋ ተሰማ። ዳኜ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ሳቀ። መዝገቡ በርጩማው ላይ እንዳለ በሞተሩ ድምፅ መካከል ነገረው፤ «አሮጌ ነው ጓድ፣ ጠባዩ ይለዋወጣል። ካስነጠሰው ሌላ ሰው አያስነኩት። ይቃጠላል።»

«ያኔ አንተ አለህልኝ» አለ ዳኜ።

ጤናዬ እነሱ ከወጡ በኋላ ሮንዴላዋን መዳፏ ላይ ተፋቻት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ ሰው አፍ «አለህ» የሚል ቃል ሰምታለች።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ጠዋት ጠዋት ዳኜ ወደ ላፍቶ ቁልቁል ሲያልፍ ሞተሩን ትሰማለች። በሁለት ወር ልፋቷ ያስነሳችው ነው፤ አሁን እንዲቆም ትጸልያለች። ሰባተኛው ቀን አለፈ። ስምንተኛውም አለፈ፤ ሞተሩ እንደ ሰዓት ይመታል። ምናልባት አጥብቄያት ይሆን እያለች ጣቷን ታያለች። በዘጠነኛው ቀን አቦ መታጠፊያ ላይ ሞተሩ አስነጠሰ፣ ደገመ፣ ዝም አለ።

ዳኜ ግን ምክሩን አልሰማም። ወሬውን ፈርቶ የኖረው ሰው እየገፋ ሳሪስ፣ ሱልጣን ጋራዥ ወሰደው። የሆነውን ሱልጣን ራሱ ነው ኋላ የነገራት። ክዳኑን ሲከፍት ብሎኗ በጣት የምትዞር፣ ሮንዴላ የሌላት ሆና አገኛት። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ያችን ፋሻ የላገላትን ሴት አስታወሰ። ዳኜ ከጀርባው ቆሟል፤ ሽጉጡ ወገቡ ላይ ነው። ሱልጣን ክዳኑን መልሶ ዘጋ።

«ይሄ የኔ ሥራ አይደለም ጓድ» አለው። «የድሮ ጣሊያን ነው። ፈትቶ የገጠመው ሰው ካልሆነ ማንም ቢነካው ያበላሸዋል።»

መዝገቡ እንደገና ቤቱ መጣ። ጤናዬ እጇን ሰጠችው፤ ብሎኗን ያው ግማሽ ዙር ሲቀራት ተዉአት። ከዚያ በኋላ በየዘጠኝ፣ በየአሥር ቀኑ፣ ሦስት ጊዜ ሌላ አመጡት። በመጣ ቁጥር ከስቷል። በአራተኛው ጊዜ ሸሚዙ ወንበር ላይ የተሰቀለ ይመስል ነበር፤ ጆሮዋ ሥር «ከሃያ ሁለታችን ሰባት ቀርተናል» አላት። ባሏ በሕይወት የሚቆየው በአንዲት ብሎን ልክ ነበር፤ ዳኜ አንድ ቀን ሞተሩ ቢሰለቸው ወይም መኪና ቢያገኝ ያልቃል።

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ፣ ሐሙስ ቀን ነው፣ እረፍት ተሰጥቷት ቀደም ብላ ምግቡን ይዛ ቀበሌው በር ደረሰች። ጋሽ በንቲ እጁን አልዘረጋም።

«ከእንግዲህ እዚህ አታምጪ፣ ልጄ።»

ጤናዬ ሳህኑን እንደያዘች ነጠላዋን ታዘቀዝቅ ጀመር። ሽማግሌው ደንግጦ ጠመንጃውን ግንቡ ላይ አስደገፈና በክንዷ ያዛት።

«ኧረ አይደለም፣ ኧረ እንደሱ አይደለም! እኔ ክፉ ሽማግሌ፣ አነጋገሬ ነው። የቀሩትን በሙሉ ከበላይ ትእዛዝ መጥቶ ሌሊት ወደ ከርቸሌ አዛወሯቸው። በመዝገብ ተጽፈው ነው የሄዱት። ስሙ ሲጻፍ ቆሜ አይቻለሁ።»

አላመነችውም። ሰው ሲያጽናኑ እንደዚህ ነው የሚባለው። ሳህኑን በፎጣ እንደቋጠረች ከመካኒሳ እስከ ከርቸሌ በእግሯ ሄደች፤ አውቶቡስ መጠበቅ አልቻለችም። በትልቁ በር አጠገብ አንድ ፖሊስ ወፍራም መዝገብ ዘርግቶ ተቀምጧል። የባሏን ስም ስትነግረው ጣቱን ምራቅ እየነካ ገጹን ገለጠ፣ መለሰ፣ እንደገና ገለጠ።

«መዝገቡ ማን?»

«መዝገቡ ደስታ።»

ጣቱ አንድ መስመር ላይ ቆመ። «አለ» አላት። «ዛሬ ገባ።»

«አለ?»

«አለ አልኩሽ። ግን ምግብ የሚገባው ረቡዕና እሑድ ነው። እሑድ ነይ።»

ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ትመላለሳለች፤ መዝገቡም እግሩን እየጎተተ በዚያው በር ይወጣል። ያን ዕለት ግን ይህን የሚያውቅ የለም። ጤናዬ ከግንቡ ጥግ፣ ሌሎች ሴቶች የተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አንዷ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ጤናዬ ፎጣውን ፈታች። ከጭንቀት የተነሳ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ነበር። ለባሏ የቋጠረችውን የምስር ወጥ በእንጀራ እየጠቀለለች፣ ማንንም ሳታይ፣ እስከ መጨረሻው በላችው።