የዋጋዬ ምት

እማማ ደጊቱ ከባጃጁ ሳይወርዱ ሽታው ቀድሟቸው ሱቁ ገባ። በጋቢ የተጠቀለለ ረጅም ዕቃ እንደ ሕፃን ታቅፈዋል። ባለ ባጃጁ አፍንጫውን እንደያዘ፣ "እናቴ፣ ሁለተኛ ይህን ይዘው እኔ ጋ እንዳይመጡ" ብሏቸው ሄደ።

ዋጋዬ እንጅባራ ባለው የጥገና ሱቋ የተፈታ ሬዲዮ ላይ አጎንብሳ ነበር። ቀና ስትል የቀድሞ አማቷን አየች። ከልጃቸው ከይኸነው ጋር ከተፋታች ወዲህ ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም። ተነሥታ ጉልበታቸውን ልትስም ዝቅ ስትል ትከሻዋን ይዘው ወደ ላይ አነሷትና ጉንጯን አገላብጠው ሳሟት።

"ድመቷ ጉድ ሠራችኝ ልጄ" አሉና ጋቢውን ገለጡት።

የይኸነው ኦርጋን ነው። ዋጋዬ ዓይኗን ጨፍና እንኳ በመዳሰስ ታውቀዋለች።

"መኝታዋ አድርጋው ኖሯል፣ ስትሸናበት ከርማለች። ግማሹ ቁልፍ ቢነኩት አይጮኽም፣ ግማሹ ሳይነኩት ይጮኻል። ይኸነው 'ድመቷ ያንቺ፣ ጥፋቱም ያንቺ፤ የትም ወስደሽ አሠሪው' ብሎ ጮኸብኝ። ለእሑድ የአቶ ዓለምነው ልጅ ሰርግ አለበት። እኔ ደግሞ ካንቺ በቀር የማምነው ባለሙያ የለኝ። አንቺ ጋ ማምጣቴን አልነግረውም።"

"ይተዉት እማማ። ቅዳሜ ይውሰዱት" አለች ዋጋዬ። ድምፅዋ አልተለወጠም። ኦርጋኑን ግን ሳታየው ወደ ጥግ ገፋችው።

ከይኸነው ጋር ዳስ ለዳስ የዞረችባቸው ዓመታት ቀላል አልነበሩም። እሱ ይዘፍናል፤ ኦርጋኑን የምታሰናዳው፣ የተበጠሰ የምትቀጥለው፣ ምቱን የምትፈጥረው እሷ ናት። አባቷ ፈረሰኛ ነበሩ። በፈረሰኞቹ በዓል እንጅባራ ሜዳ ዳር ተቀምጣ፣ የፈረሶቹን ሶምሶማ በጣቷ ጉልበቷ ላይ እየመታች ያዘችው። ቤት ገብታም ከከበሮና ከጭብጨባ ጋር አዋሕዳ ኦርጋኑ ውስጥ ቀረጸችው። ያ ምት ሲነሣ ከቆሰበር እስከ አዘና ባለው አገር ዝም ብሎ የሚቀመጥ ትከሻ አይገኝም ነበር። ይኸነው በዚሁ ምት ክሊፕ አወጣ። ስሟ የለበትም። ነገሩ ከሽማግሌ ፊት ሲቀርብ ይኸነው ፈገግ ብሎ፣ "እሷ? እሷኮ ገመድ የምትጠቀልልልኝ ናት" አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ዋጋዬ ትዳሯን የፈታችው በዚያ ሳቅ ነው። ቂሙን ግን ይዛው ወጣች።

በማግስቱ ሱቋን ከውስጥ ዘግታ ኦርጋኑን በጀርባው አጋደመችው። ብሎኖቹን ፈትታ ክዳኑን ስታነሣ ከሽታው የተነሣ ዓይኗ አነባ። ሽንቱ በቁልፎቹ ሥር ወርዶ፣ ደርቆ፣ ቦርዱ ላይ እንደ ጨው ጋግሯል። የመዳብ መስመሮቹ አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል። ቁልፎቹን እየነቀለች የሳሙና ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈች፤ ከሥራቸው ያለውን ላስቲክ አጥባ አሰጣች። ቦርዱን ለመኪና ባትሪ በሚሸጠው የተጣራ ውሃ፣ ቀጥላም በአልኮል፣ በጥርስ ብሩሽ ቀስ እያለች ፈተገችው። የተበላውን መስመር በቀጭን ሽቦ ቀጥላ በየደችው።

ትንሽ ቆሻሻ አንድ ጥግ ላይ ብትተው ሰርጉ መሐል ድምፁን ያንቀው ነበር። አሰበችው፤ ደጋግማም አሰበችው። እጇ ግን እምቢ አላት። ከዋጋዬ ሱቅ የወጣ ዕቃ ተበላሸ እንዲባል አልፈለገችም።

ደርቆ ተገጣጥሞ ስትከፍተው ኦርጋኑ እንደ አዲስ ጮኸ። ያኔ የተቀረጹትን ምቶች ልታይ ገባች። ሁሉም አሉ። ይኸነው ግን ስማቸውን ለውጦ፣ የፈረሱን ሶምሶማ ሳይቀር፣ በራሱ ስም ጠርቷቸዋል።

ዋጋዬ ብቻዋን ሳቀች። ደስ የማይል ሳቅ ነበር። ምቶቹን ሁሉ ወደ ፍላሽ ገለበጠችና ከኦርጋኑ ላይ እያንዳንዱን ማጥፋት ጀመረች። ኦርጋኑ በየጊዜው፣ ላጥፋው ወይ፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ እያለ ይጠይቃታል። እሷም አዎ ትለዋለች። ይኸነው ከዘፈን በፊት የሚለማመድ ሰው እንዳልሆነ፣ ያለ እሷም ምት ከአንድ ጣት በላይ መጫወት እንደማይችል አሳምራ ታውቃለች።

ቅዳሜ እማማ ደጊቱ መጡ። አንዱን ቁልፍ በጣታቸው ነክተው ሲጮኽ እንደ ልጅ ደነገጡና ሳቁ። "እጅሽ ይባረክ! ከጭቅጭቅ አወጣሽኝ" ብለው መዳፏን ሳሙት። ዋጋዬ ዓይናቸውን ማየት አቃታት። ቢሆንም ስለ ምቶቹ ሳትነግራቸው ኦርጋኑን ጠቅልላ አስታቀፈቻቸው።

እሑድ ነጠላዋን ተከናንባ በሚኒባስ ሰርጉ ወዳለበት ዳንግላ ወረደች። ዳሱ ጢም ብሏል። ከበሩ አጠገብ ከሰው ጀርባ ቆመች። ይኸነው በሙሉ ልብስ ኦርጋኑ ኋላ ቆሞ ማይኩን አነሣ።

"አሁን ደግሞ በራሴ ምት!" ብሎ ጮኸ። ሚዜዎቹ ክብ ሠርተው ትከሻቸውን አዘጋጁ።

ተጫነው። ዝም። የምቱን ቁልፍ እንደገና ተጫነው። በሦስተኛው ከፋብሪካው የተጫነ የፈረንጅ ዳንስ ምት ዳሱን ሞላው። ሚዜዎቹ እንደተደገኑ ቀሩ። አንድ ሽማግሌ፣ "ወፍጮ ነው እንዴ የተነሣው?" ቢሉ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ይኸነው ላቡን እየጠረገ በአንድ ጣቱ ሲለቃቅም ሳቁ ባሰ። የዋጋዬ ጥርስ ከነጠላዋ ሥር ታየ። ሽማግሌ ፊት የተሳቀባትን ሳቅ አሁን እሱ እየጠጣው ነበር።

"ማሽኑን አበላሽተውብኝ ነው!" አለ ይኸነው በማይኩ። "እናቴ ናት! ለማንም ለማይረባ ሰጥታ አስፈታችው!"

እማማ ደጊቱ ከሴቶቹ መሐል ነበሩ። ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ይህን ዋጋዬ አላሰበችውም። ሰዉን እየገፋች ወደ ፊት ወጣች።

"ማሽኑ ደህና ነው" አለች። "ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሁሉም ቁልፍ ይሠራል። የወሰድኩት የራሴን ምት ነው። በል፣ አንተ ደግሞ የራስህን አጫውታቸው።"

ይኸነው ማይኩን ኦርጋኑ ላይ ጣለው። የሙሽራዋ አባት አቶ ዓለምነው ተነሥተው፣ "ጠባችሁን ኋላ ታዩታላችሁ። ልጄ፣ የምትችይ ከሆነ ሰርጌን አውጪልኝ" አሏት።

ፍላሹን ከቦርሳዋ አላወጣችም። ኦርጋኑ ኋላ ቆማ በግራ እጇ ሶምሶማውን አስነሣች፣ በቀኟ ዜማውን አስከተለች። ዳሱ እንዳለ ብድግ አለ። ይኸነው በጓሮ በኩል ሲወጣ አየችው፤ አየችውና ምቱን አፋጠነችለት። በዕድሜዋ እንደዚያ የጣፈጣት ነገር የለም።

ሰርጉ ሲበተን እማማ ደጊቱ ደጅ ላይ ጠበቋት።

"አውቀሽ ነው?"

"አውቄ ነው እማማ።"

"ለእሱስ ይበለው። እኔ ግን አንቺን አምኜ ነበር የመጣሁት። ሰው ፊት የተዋረድኩት እኔ ነኝ።"

"እርስዎን አላሰብኩም ነበር። እሱን ብቻ ነው ያሰብኩት።"

"እሱስ አንቺን መቼ አስቦሽ ያውቃል?" አሉና ጥለዋት ሄዱ።

ወሬው እንጅባራ ከእሷ እኩል ገባ። ሰው አምኖ የሰጠሽን ዕቃ ትነካኪያለሽ ብለው ቴፕና ስፒከራቸውን የወሰዱባት አሉ፤ ለሰርግ ተጫወችልን ብለው ከአዲስ ቅዳም ድረስ የመጡላትም አሉ። ክረምት ሲገባ ይኸነው ሰው ልኮ ምቶቹን ለመናት። "ይለማመድ በሉት" አለች። ስለ እሱ አንድም ቀን አልቆጫትም።

ዳንግላ ግን ስኳር ይዛ ሄደች። እማማ ደጊቱ በሩን ከፍተው፣ አስቀምጠው፣ ስለ ዝናቡና ስለ ድንቹ አወሯት። ስለ ሰርጉ አንድም ቃል አላነሡም። ስትወጣ እንደ ድሮው አልሳሟትም፤ ደግመሽ አትምጪም አላሏትም። ሚኒባሱ ውስጥ ሆና በየትኛው ቀን እንደምትመለስ ማሰብ ጀመረች።