የእንግዳ ቤቱ መርዶ

አዳነን ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። አጥራችን አንድ ነው፣ ልጄን ወንጌላዊትን ሚስቱ ክርስትና ያነሳችልኝ አበ ልጄ ነው፤ ቢሆንም ይፈላል።

ከአያቱ የወረሰው ቤት ከግንቡ በታች ነው። በድንጋይና በኖራ የተሠራ፣ ፎቁ ላይ የእንጨት ሰገነት ያለው የጥንት ቤት ነው። ዱሮ ፍየል ነበር የሚታሰርበት። ኋላ አሳደሰውና «የመኳንንት ቤት» ብሎ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው፣ ለበዓል የሚመጣ እንግዳ እንዲከራየው። ማንም ዞር ብሎ አላየለትም። ጎንደር ላይ ደግሞ አሮጌ ግንብ ምን ብርቅ ነው?

እንግዳውን ያመጣችለት የትነበርሽ ናት። የኮሶዬ ሴት ናት፤ ባሏ ሲሞትባት አንድ ልጇን ይዛ ወረደችና እሱ ዘንድ ተቀጠረች። ታበስላለች፣ ታነጥፋለች፣ እንግዳ ሲገባ እግሩን ታጥባለች። እግር እጠቢ ብሎ ያዘዛት የለም። እሷ አገር ከመንገድ የገባ ሰው እግሩ ይታጠባል፣ በቃ። ፈረንጆቹ መጀመሪያ ያፍራሉ፣ ትንሽ ቆይተው እንባቸው ይመጣል። አገራቸው ሲገቡ ቤቱን ትተው ስለ እሷ ይጽፋሉ። ከዚያ ወዲህ የጥምቀት ሰሞን ክፍል አይገኝም፤ አዳነም ሆዱ ሰፋ፣ አንገቱ ወፈረ።

ልጇ ምንይችል ግን ነገሩ አልጣመውም። «እናቴን ከሰው እግር ሥር አወጣታለሁ» ብሎ ኮላ ድባ ወረደ፣ አያ አለነ የሚባሉ ገበሬ ዘንድ ተቀጠረ። ሸጋ ልጅ ነበር።

የከተራ ዕለት ጠዋት አያ አለነ ደወሉ። የትነበርሽ ስልክ ስለሌላት የሚደወለው በአዳነ ነው። «ልጁን ወባ ጥሎታል፣ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶበታል። እናቴን ጥሩልኝ ይላል፤ ቶሎ ትድረስ» አሉት። ኮላ ድባ በማኪና ሰዓት እንኳ አይሞላም። አዳነ «እሺ፣ አሁኑኑ እልካታለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋ፤ ከዚያ ወደ ጓሮ ዞሮ «የትነበርሽ፣ እንግዶቹ ደርሰዋል፣ ውሃ አሙቂ» አላት። ይህን ኋላ የነገረኝ ራሱ ነው። የሚያፍር ፊት የለውማ።

በጥምቀት ማታ ልጁ ሞተ። አያ አለነ እንደገና ደወሉ፤ እናቱ ሳትደርስ አንቀብርም አሉ። አዳነ «ቅበሩት። እሷ ታማ ተኝታለች፣ መንገድ አትችልም። መርዶውን እኛ በወጉ እንነግራታለን» አላቸው።

ታማለች አለ እንግዲህ! በማግስቱ በሚካኤል እኔ በዓይኔ አይቻታለሁ። አዳነ ያለበሳትን የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ እንግዶቹን አስከትላ ታቦት ታጅባለች። እልልታዋ ከሁላችንም በላይ ነበር። «ፍቅርተማርያም፣ ለምንይችል ተስያለሁ፤ ሚስት እንዲሰጠው» አለችኝ። እኔም ምን አውቄ፣ አሜን አልኳት።

በዓሉ ሲያልፍ አያ አለነ የአዳነ ቤት መስሏቸው የእኔን በር አንኳኩ። የታመመችውን እናት ሊጠይቁ ነበር የመጡት። የታመመችው ማን እንደሆነች ስጠይቃቸው ግራ ተጋቡ፣ ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ። «ዓይኑ ከበር አልተነቀለም» አሉኝ። «ማኪና ባለፈ ቁጥር መጣች ይል ነበር።»

ነጠላዬን እንኳ ሳላጣፋ አዳነ ዘንድ ሄድኩ። «ምነው አበ ልጄ? እግዜርን አትፈራም?» አልኩት።

«ወጉን አታበላሺ» አለኝ ረጋ ብሎ። «መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። በጠዋት ነው፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። እንግዶቹ ከነገ ወዲያ ይወጣሉ፣ ያኔ ንገሯት።»

ወጉማ እውነት ነው። መርዶ የምናቆየው ግን ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይወድቅ፣ የሚደግፈው ሰው እስኪሰበሰብ ነው። ቁርስ የሚያቀርብ ሰው እንዳይጠፋ ብሎ መርዶ ያቆየ ሰው በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

አልሰማሁትም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የእድሩን ሰዎች፣ የንስሐ አባቷንና አያ አለነን ይዤ ግቢው ገባሁ። የትነበርሽ ምድጃው ሥር ጎንበስ ብላ ነበር። ቀና ስትል ሁላችንም ነጠላ አዘቅዝቀናል።

«ምንይችል ነው?» አለች።

የንስሐ አባቷ መስቀላቸውን አወጡ።

«ደረቃችሁሳ፣ ውሰዱኝ እንጂ። ሳይቀበር ልድረስለት።»

አያ አለነ መሬት መሬት እያዩ «በሚካኤል ቀበርነው፣ ልጄ» አሉ።

ቀኑን በልቧ ስታስበው ፊቷ ላይ አየሁት። «በሚካኤል እኔ እልል እያልኩ ነበር» አለች። ከዚያ ጮኸች፤ ደረቷን ትደቃ፣ ፊቷን ትነጭ ጀመር። እጇን ብንይዝ አቃተን።

እንግዶቹ በጩኸቱ ነቅተው ሰገነቱ ላይ ወጡ። አንዷ ደንግጣ አዳነን ምንድነው ብላ ጠየቀችው። በእንግሊዝኛ መለሰላት፤ ወንጌላዊት አጠገቤ ስለነበረች ያለውን ነገረችኝ። «የቆየ ባህላችን ነው፣ አትፍሩ፤ ቪዲዮ ማንሳት ትችላላችሁ» ነው ያላቸው። ሁሉም ስልካቸውን አወጡ።

የትነበርሽ ያን ዕለት ኮላ ድባ ወርዳ እዚያው ቀረች። ልጇ የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ነው የምትውለው አሉ። ሄጄ ነበር፤ አላናገረችኝም።

ዘንድሮ ለጥምቀት የአዳነ ቤት ጢም ብሎ ሞላ። ቪዲዮውን ያላየ የለም። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ከነሚስቱ ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ የምታለቅሰዋ ሴት የምትወጣው መቼ ነው ብሎ በአስተርጓሚ ጠየቀ። አዳነ «ነገ ጠዋት» አለው። ከጠዳ አንዲት አልቃሽ ቀጥሯል።