በየማለዳው የሚጠፋው በር

አዘጋጇ በኢንተርኔት ለምታወጣው የምናባዊ ድርሰቶች መጽሔት ከተላኩት ልብ ወለዶች አንዱን ስታነብ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ክው አለች። ታሪኩ በየማለዳው ከቤቷ አንድ በር ስለሚጠፋባት ሴት ነው። ባልየው በጠፋው በር ቦታ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ሌላ ይስልላታል። እስከዚህ ደህና። ግን ምድጃው ላይ የተጣደችው ማንቆርቆሪያ እጀታዋ ላይ ቀይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተጠምጥሟል። እንዲህ ያለች ማንቆርቆሪያ የምታውቀው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ታላቅ እህቷ ቤት። ሴትዮዋ ስትደነግጥ የቀሚሷን ጫፍ መጠቅለሏም ቁርጥ እህቷን ነው።

ላኪው ስሙን አልጻፈም። «ጎረቤት» ብቻ ብሏል። በእህቷ መስኮት የሚያጮልቅ ሰው ታያት።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ግጥሞቹን የሚመርጠውን ባልደረባዋን ነው፤ አንድ ቀን እህቷ ቤት ምሳ በልቷል።

«አንተ ነህ አይደል?»

«ኧረ ተይኝ! እኔ ልብ ወለድ ብጽፍ ግጥሞቼ ያኮርፉኛል» አላት። ሳቁ አላማራትም።

በማግስቱ ጠዋት ሳትደውል እህቷ ቤት ሄደች። የእህቷ ባል፣ ጡረታ የወጣው ኤሌክትሪሺያን፣ በሩን ገርበብ አድርጎ እዚያው ተገተረ።

«ምነው በደህና? እሷ እኮ ተኝታለች።»

በዚህ ሰዓት? እህቷ ገና ሳይነጋ ካልተነሳች የነጋ የማይመስላት ሴት ናት። አዘጋጇ በትከሻው አሻግራ አየች። ጓዳው በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ በትልልቁ «ጓዳ» ይላል። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ ተከፍቷል፤ ጋዜጣ እንኳ ሲገልጥ አይታው አታውቅም! ምን አድርጓት ይሆን?

«ጋሼ፣ ዞር በልልኝ። እህቴን ልያት።»

ይሄኔ እህቷ ከጓዳ ብቅ አለች። ፊቷ ፈካ።

«እማዬ! መጣሽ?»

እናታቸው ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው።

«አዎ፣ መጣሁ» አለች አዘጋጇ።

እህቷ ወደ ጓዳ ስትመለስ ባልየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መርሳቱ ገና ሲጀምራት ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ፤ በተለይ ላንቺ። መሐላዬን እንዳላፈርስ፣ ዝም ብዬም እንዳልፈነዳ ጻፍኩት። ማንቆርቆሪያዋን ያስገባኋት አንቺ አይተሽ እንድትመጪ ብዬ ነው።»

«እኔ እኮ ሌባ የሚሰልላችሁ መስሎኝ!»

«የሚሰረቅ ነገር አለን ብለሽ ነው?» አለ፤ ሊስቅ ሞክሮ አቃተው።

«ታዲያ ድርሰቱ ይውጣ ወይስ ይቅር?»

«እሷን ጠይቂያት።»

አዘጋጇ እህቷን አጠገቧ አስቀምጣ ድርሰቱን ከዳር እስከ ዳር አነበበችላት። ሲያልቅ እህቷ ራሷን ነቀነቀች።

«ታድላ! እንዲህ ያለ ባል ከየት አገኘች?» አለች። «ይውጣ እንጂ፣ ሰው ይስማው።»

ባልየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ደህና የነበረውን ማብሪያ ማጥፊያ በመፍቻ መፍታት ጀመረ።

ድርሰቱ በቀጣዩ እትም ወጣ። አዘጋጇም ማክሰኞና ዓርብ ሥራዋን ይዛ እዚያ መዋል ጀመረች፤ አንዳንድ ቀን እናት ሆና፣ ሲቀናት ደግሞ እህት።