ሶፍቱ እርጥብ ነበር?

«ይህን ሶፍት ከየት አመጡት?» አለች ሶፊ።

እትዬ የወይንሐረግ ዓይናቸውን ጠርገው ሲያበቁ እጃቸው ላይ የተጨማደደውን ወረቀት አዩት። የሶፊ ወንድም ኤርምያስ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ጎረቤታቸው እትዬ የወይንሐረግ ሦስቱንም ቀን ከለቅሶው ቤት አልተለዩም።

«ከጓዳ ነዋ፣ ልጄ። ትናንት ሶፍት ሲያልቅብን ከዚያ ከመስታወቱ ሳጥን ውስጥ ታጥፎ አገኘሁት።»

«ሲያነሡት እርጥብ ነበር ወይስ ደረቅ?»

ለቀስተኞቹ ዞር ብለው አዩዋት።

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? አሁንማ ርሷል። ደግሞ ሳጥኑ እንደ ሬዲዮ ያጉረመርማል፤ በለቅሶ ቤት ነውር ነው ብዬ ነቀልኩት።»

«እጅዎ ይባረክ» አለች ሶፊ። ምርቃት አለመሆኑን ሁሉም ሰማ።

በሩ አጠገብ አንድ ለቀስተኛ አባቷን ይጠይቃቸዋል። «ለመሆኑ ምን ሊያመጣ ነው መርካቶ የሄደው?»

«እኔ እንጃ» አሉ ጋሽ አበራ። ከቀብሩ ጀምሮ ለሁሉም የሚመልሱት ይህንኑ ነው። የምታውቀው ሶፊ ብቻ ናት፤ እሷም አልተናገረችም።

ሳጥኑ ኮምፒውተር ነው። ሙቀቱን የሚያወጣለት ማራገቢያ ሳይሆን በቱቦ የሚዞር ውሃ ነው፤ ሶፊ እንዲህ ያለውን ስትሠራ የመጀመሪያዋ ነው። ማንም አላስተማራትም፤ ከዩቲዩብና ከተቃጠሉ ቦርዶች ነው የተማረችው፤ ይህንንም ሰው ሳይጠይቃት ትናገራለች። ለቱቦው ግን ወንድሟን ጠራችው፤ ኤርምያስ በሰበታ አዳዲስ ቤቶች ውስጥ ቧንቧ ይዘረጋ ነበር። መጨረሻ ላይ ውስጣቸው የጎማ ቀለበት ያለባቸው ሁለት መጋጠሚያዎች ቀሩ። የላይኛውን እሷ በፒንሳ አጠበቀችው። የታችኛውን እሱ በጣቱ ብቻ አዞረና ተወው።

«የኮንዶሚኒየም ሽንት ቤት መሰለህ እንዴ? ያፈሳል» አለችው።

«ጎማ በጉልበት አይያዝም፣ ሶፊዬ። አስነሺውና ራሱ ይንገረን።»

ከየመጋጠሚያው ሥር ሶፍት አጥፈው አነጠፉ፤ አንዲት ጠብታ ብትወርድ እንዲያሳብቅ። ለፓምፑ ብቻ መብራት ለቀቁለት። እስከ ማግስቱ መጠበቅ ነበረባቸው፤ ሶፊ ግን አንድ ሰዓት እንኳ አልታገሠችም።

«ማፍሰሱ አይቀርም። ሂድና አዲስ የጎማ ቀለበት ይዘህ ና።»

እየሳቀ ወጣ። ሚኒባሱ ዓለም ገና ጋር ተገለበጠ።

የሱ መጋጠሚያ አፍስሶ ከሆነ፣ መንገዱ ለቁም ነገር ነበር። ደረቅ ከሆነ ግን በከንቱ ነው የላከችው።

ጓዳ ገባች። ሁለት ሶፍት አጥፋ አነጠፈችና ፓምፑን ሰካችው። ማጉረምረም ሲጀምር የዕድሩ ዳኛ ኦቦ ቦሩ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«ሬዲዮ ነው እንዴ፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ?»

«ውሃ ነው፣ ኦቦ ቦሩ። ኤርሚ የጀመረው ሥራ ነው።»

ሽማግሌው ትንሽ አዳመጡ። «እንግዲያ ይዙር። ለሴቶቹ ሌላ ሶፍት አስገዛለሁ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለቀስተኛው ሲሳሳ ተመልሳ ገብታ ተንበረከከች። ከላይኛው መጋጠሚያ ሥር ያለው ሶፍት መሃሉ ርሶ ወለሉ ላይ ተጣብቋል። በፒንሳ የጨመቀችው ጎማ ተሰንጥቋል። ከታችኛው ሥር ያለውን አነሣችና ጉንጯ ላይ አደረገችው። ገልብጣም ሞከረችው። ደረቅ ነው።

ፓምፑን ነቀለች።

ሳሎን ስትመለስ ከጫንጮ ገና የደረሰ ዘመድ አባቷ አጠገብ ተቀምጧል።

«ምን ሊያመጣ ነበር የሄደው፣ ጋሽ አበራ?»

«እኔ እንጃ…»

«ጎማ» አለች ሶፊ። «ቀለበት የምታህል ጎማ። እኔ ነኝ የላክሁት፣ አባዬ። እሱ የሠራው ደህና ነበር።»

ጋሽ አበራ ፍራሹ ላይ ፈቀቅ አሉና የጋቢያቸውን ጫፍ ገለጥ አድርገው ያዙላት።